ጃስሚኔ ቅጠል ብቻ ሆነ፤ አበባው የት ሄደ?

ጥያቄ፦ «ጃስሚን ከገዛሁ ሁለት ዓመት ሞላኝ። ሳሎን ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ ትልቅ ፖት ላይ ነው ያለው። ቅጠሉ ወፍራም፣ ክብ ቀመስና አብረቅራቂ ነው። ሐረጉ ይረዝማል፤ አበባ ግን አንድም ቀን አላየሁበትም። ሰሞኑን ደግሞ የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ እየሆኑ ይረግፋሉ። በየቀኑ ውሃ አጠጣዋለሁ፣ በየሳምንቱ ማዳበሪያ እሰጠዋለሁ። ምን ጎደለው? ወይስ ከዚህም የሚተልቅ ፖት ልቀይርለት?»

መልስ፦

ፖቱን አይቀይሩ! መልሴን ከመጨረሻው ጥያቄዎ የጀመርኩት፣ ይህን አንብበው ሳይጨርሱ አዲስ ፖት ሊገዙ እንዳይወጡ ብዬ ነው። እንደነገሩኝ ከሆነ ለጃስሚንዎ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብርሃን። ሌላው ሁሉ ተርፎታል። ውሃው በዝቷል፣ ማዳበሪያው በዝቷል፣ አፈሩም በዝቷል። «ታመመብኝ» ተብለው እኔ ዘንድ የሚመጡት ጃስሚኖች አብዛኞቹ ቸል የተባሉ አይደሉም። የተሞላቀቁ ናቸው።

አሁን ረጋ ብለን እንሂድ። መጀመሪያ የያዙት የቱ ጃስሚን እንደሆነ እንለይ። ጃስሚን አንድ ተክል አይደለም። 200 ገደማ ዝርያዎች አሉት፤ ቤተሰቡም ከወይራ ጋር ነው። በአማርኛ ጠምበለል የምንላት ሐረግም የዚሁ ወገን ናት። የእርስዎ ተክል ቅጠል ወፍራምና ክብ ቀመስ ነው ብለዋል። እያንዳንዱ ቅጠል ለብቻው የቆመ እንጂ እንደ ላባ የተከፋፈለ ካልሆነ፣ የያዙት ሳምባክ የሚባለውን ነው። ጥሩ ዕድል ነው። ቤት ውስጥ በፖት ለመያዝ ከሳምባክ የሚመች ጃስሚን አላውቅም። ቁመቱን በመቀስ መግታት ይቻላል፣ ሙቀት ይወዳል፣ ከተመቸው ደግሞ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ያብባል። ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ግን ይኮራመታል። ውርጭ ካገኘው ይሞታል።

ቅጠሉ እንደ ላባ ተከፋፍሎ፣ እምቡጡም ከውጭ ሮዝ ሆኖ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። እሱ ፖሊያንተም የሚባለው ነው። ፖሊያንተም እምቡጥ እንዲይዝ ለአምስትና ለስድስት ሳምንት ያህል ቀዝቀዝ ያለ ሌሊት ማግኘት አለበት፤ ከ15 ዲግሪ በታች፣ ግን ውርጭ ያልነካው። ዓመቱን ሙሉ ሞቅ ባለ ሳሎን ውስጥ የሚቀመጥ ፖሊያንተም ቅጠል ብቻ እያሳየ ያረጃል። የያዛችሁት እሱን ከሆነ ከዚህ በታች ስለ መግረዝ የምለውን እንዳለ አትውሰዱት። ፖሊያንተም የሚያብበው ቀደም ሲል ባደገው ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ፣ መቀስ የሚነካው አበባው እንደረገፈ ወዲያው ነው። ቆይቶ የቆረጠው ሰው የመጪውን ዙር አበባ ቆርጦ ጣለ ማለት ነው።

ስሙን ብቻ የተዋሱ ተክሎችም አሉ። ይህን ያነሳሁት ለወግ አይደለም። «ስታር ጃስሚን» ተብሎ የሚሸጠው ቅጠሉ ሲቀነጠብ ነጭ ወተት ይወጣዋል። እውነተኛ ጃስሚን ወተት የለውም። «የሌሊት ጃስሚን» የሚሉት ደግሞ የቲማቲምና የድንች ዘመድ ነው፤ ሽታው ሰፈር ያናውጣል፣ ግን መርዛማ ነው። ቢጫ አበባ ያለው «ካሮላይና ጃስሚን» ከሥሩ እስከ አበባው መርዝ ነው። ልጅ የሚድህበት ወይም ድመት ያለበት ቤት ከሆነ የገዙትን ተክል ማንነት ማወቅ ግድ ነው። እውነተኛዎቹ ጃስሚኖች ለድመትና ለውሻ መርዛማ አይደሉም።

ወደ ብርሃኑ እንምጣ። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው።

ብርሃንን በተመለከተ ዓይናችን ይሸውደናል። ደብዘዝ ያለ ክፍል ውስጥ ስንገባ የዓይናችን ብሌን ይሰፋና «ደህና ብርሃን አለ» እንላለን። ተክሉ ግን እንዲህ ዓይነት ማስተካከያ የለውም። ጥርት ባለ ቀን ደጅ ላይ ያለው የፀሐይ ብርሃን እስከ 100,000 ሉክስ (ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው) ይደርሳል። ከመስኮት ራቅ ያለ የሳሎን ጥግ ላይ ጥቂት መቶ ሉክስ ቢገኝ ነው። ሁለት ሜትር ለእርስዎ ሁለት እርምጃ ናት፤ ለጃስሚኑ ግን ከቀን ወደ ምሽት እንደመሄድ ነው። በዚህ ብርሃን ቅጠል ማውጣት ይችላል። እንዲያውም ብርሃን ፍለጋ ሐረጉን ይመዝዛል፤ «ይረዝማል» ያሉት ይህ ነው። በአንጓና በአንጓ (ቅጠል ከሐረጉ በሚወጣባቸው ቦታዎች) መካከል ያለውን ርቀት ይዩ። አንድ ጣት ሙሉ ከሆነ ተክሉ ያደገ ይመስላል እንጂ እየተንጠራራ ነው። አበባ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ጉልበቱ ደግሞ ከብርሃን እንጂ ከማዳበሪያ አይመጣም።

አንዲት ቀላል መፈተኛ ላሳይዎ። ሰማዩ በጠራበት ቀን እኩለ ቀን አካባቢ እጅዎን ከቅጠሎቹ በላይ 30 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አድርገው ይዘርጉ። ጥላው ጣት ከጣት የሚለይ፣ ጠርዙም ጥርት ያለ ከሆነ ብርሃኑ ጥሩ ነው። ድብስብስ ያለ ጥላ ከሆነ ለቅጠል እንጂ ለአበባ አይበቃም። ጭራሽ ጥላ ከሌለ ደግሞ ቦታው የሶፋ እንጂ የጃስሚን አይደለም።

ሳምባክ በቀን ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት የሚሆን ጊዜ ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። በረንዳ ካለዎት ሞቃት በሆነው ወቅት ያውጡት። ከሌለዎት ፀሐይ በደንብ የሚገባበትን መስኮት መርጠው መስታወቱ ሥር ያስጠጉት። መጋረጃው ስስም ቢሆን ይገለጥ። ፀሐይ የሚባል የማይገባበት ቤት ከሆነ ለተክል የሚሆን የኤልኢዲ መብራት ከተክሉ ጫፍ 30 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጎ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት ማብራት ይቻላል። እንደ ፀሐይ ባይሆንም ይሠራል።

ብቻ በአንድ ቀን ከሳሎን ጥግ አንስተው የቀትር ፀሐይ ላይ እንዳይጥሉት። ጥላ ላይ የበቀለ ቅጠል ስስ ቆዳ አለው፤ ይቃጠላል። የተቃጠለው ቦታ መጀመሪያ ነጣ ይላል፣ ከዚያ ይደርቃል፣ አይመለስምም። ለመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት የጠዋቷን ፀሐይ ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ያሳዩት። ከዚያ በየሁለት ቀኑ አንድ አንድ ሰዓት ይጨምሩ። በአሥር ቀን ውስጥ ይለምዳል። ጥቂት የቆዩ ቅጠሎች ቢረግፉ አይደንግጡ።

አሁን ስለ ፖቱ። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት ግራንድ ዱክ የሚባለውን የሳምባክ ዓይነት አገኘሁ። አበባው ድርብርብ ነው፤ ትንሽዬ ጽጌረዳ ይመስላል። አዝጋሚ ነው፣ ሲበዛም ቆጣቢ። ሁለት አበባ ሰጥቶ ወር ያስጠብቃል። እኔም ትዕግሥቴ አለቀና «ሥሩ ጠቦት ነው» ብዬ ከትንሿ ፖት አውጥቼ በርሜል በምታህል ውስጥ ተከልኩት። ጥሩ አፈር፣ ብዙ ፍግ፣ ብዙ ውሃ። በሁለተኛው ወር ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቢጫ ሆነ። እኔ ደግሞ «ጠማው» አልኩና ውሃ ጨመርኩ። በሦስተኛው ወር ከአፈሩ ስነቅለው ረግረግ ረግረግ ሸተተኝ። ሥሩን በሁለት ጣቴ ይዤ ሳብ ሳደርገው የላይኛው ልጣጭ እንደ ካልሲ ወለቀና ክር የመሰለ ነገር ብቻ በእጄ ቀረ። አፈሩ የላይኛው ሁለት ጣት ደርቋል፤ ከሥር ግን ጭቃ ነበር።

የሆነው ይህ ነው። ሥር ውሃ ብቻ ሳይሆን አየርም ይፈልጋል። ትልቅ ፖት ውስጥ ያለች ትንሽ ሥር ዙሪያዋን ያለውን ውሃ ሁሉ መጠጣት አትችልም። ያልተጠጣው ውሃ በአፈሩ ቀዳዳዎች ውስጥ ተቀምጦ የአየሩን ቦታ ይይዛል። ሥሩ ይታፈናል፣ ይበሰብሳል፣ ከዚያ መጠጣት ያቅተዋል። ስለዚህ በውሃ ውስጥ ቆሞ የተጠማ ይመስላል። ቅጠሉ ጠውልጎ ስናየው ሌላ ውሃ እንጨምራለን። በየቀኑ የሚያጠጡት የእርስዎ ጃስሚን የታች ቅጠሎቹ ቢጫ መሆናቸውን ሲጽፉልኝ መጀመሪያ የታወሰኝ ያ ግራንድ ዱክ ነው።

እንግዲህ መገመት ትተን እንይ። አፈሩ መጠነኛ ሲደርቅ ፖቱን በጎኑ ያጋድሙና ጎኑን መታ መታ አድርገው ተክሉን ከነአፈሩ ቀስ ብለው ያውጡት። ሥሩ ነጣ ያለ ወይም ክሬም መልክ ያለው፣ ጠንካራ ከሆነ ደህና ነው። ወደነበረበት ይመልሱት፤ የሚቀየረው የውሃ አሰጣጥዎ ብቻ ነው። ቡናማ፣ ልፍስፍስና የሚሸት ከሆነ የበሰበሰውን በንጹሕ መቀስ እስከ ጤነኛው ድረስ ይቁረጡ። ቀጥሎ የቀረው ሥር ከሚይዘው ቦታ ከሦስትና ከአራት ሴንቲሜትር ባልበለጠ ሰፋ ያለ፣ ማለትም አሁን ካለበት ያነሰ ፖት ውስጥ ይትከሉት። አዎ፣ ወደ ትንሽ ነው የምንወርደው። ሳምባክ ሥሩ ጠበብ ሲልበት የተሻለ ያብባል። ወደ ፊትም ሥሩ ከታች ቀዳዳ ብቅ ማለት ሲጀምር ወደምትቀጥለዋ ቁጥር ብቻ ያሳድጉት፤ እሱም በሁለት ዓመት አንዴ ቢሆን ነው።

ለአፈሩ፣ የግቢ አፈር ብቻውን ፖት ውስጥ ይጠጥራል። ሁለት እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት ወይም ለፖት የተዘጋጀ አፈር ከአንድ እጅ ፐርላይት፣ ፑሚስ (ሁለቱም ቀላልና ቀዳዳማ የድንጋይ ፍርፋሪ ናቸው) ወይም ሻካራ አሸዋ ጋር ይቀላቀል። ጨብጠውት እጅዎን ሲከፍቱ ከፈረሰ ጥሩ ነው፤ እንደ ሊጥ ከተጣበቀ አሸዋ ይጨመርበት። ፖቱ ከታች ቀዳዳ ከሌለው ቢያምርም ይቅርብዎ። ደግሞ እባክዎ ከሥር ጠጠር አይደልድሉ። ውሃ እንዲወርድ ይረዳል ይባላል፤ ተገላቢጦሽ ነው። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፣ ከጠጠሩ በላይ ይቆማል። ስለዚህ ጭቃው ወደ ሥሩ ከፍ ይላል ማለት ነው።

«በየቀኑ» የሚለውን ልማድ ደግሞ ይተዉት። ጃስሚን ካላንደር አያነብም። ጣትዎን እስከ መጀመሪያው አንጓ አፈሩ ውስጥ ያስገቡ። እርጥበት ከተሰማዎት ይተዉት፤ ከደረቀ ከታች እስኪፈስ ድረስ ያጠጡ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ይድፉት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጣትም አያስፈልግዎትም። ፖቱን ብድግ ሲያደርጉ ክብደቱ ይነግርዎታል። ሞቃትና ፀሐያማ በሆነ ጊዜ በእርግጥ በየቀኑ ሊጠማ ይችላል፤ በቀዝቃዛው ጊዜ በሳምንት አንዴም ሊበቃው ይችላል። አፈሩ ፈጽሞ ደርቆ ከፖቱ ጠርዝ ከተላቀቀ ግን ከላይ ማፍሰስ ዋጋ የለውም። ውሃው በጎን ሾልኮ ይወርዳል፣ መሀሉ እንደደረቀ ይቀራል። ያኔ ፖቱን ባልዲ ውሃ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ያህል መንከር ነው።

ቢጫ ቅጠል ሁሉ አንድ በሽታ እንዳልሆነም ይያዙልኝ። የታችኞቹ ቅጠሎች ሙሉ በሙሉ ቢጫ ሆነው፣ አፈሩም እርጥብ ከሆነ፣ ነገሩ ከላይ ያወራነው ነው። የላይኞቹ ለጋ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ጅማታቸው አረንጓዴ ከቀረ ግን ተክሉ ብረት አልደረሰውም። ብዙ ጊዜ ብረቱ አፈሩ ውስጥ አለ። ኖራ የበዛበት ውሃ ዘግቶበት ነው። ሳምባክ መጠነኛ አሲድነት ያለው አፈር ይወዳል። የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ካገኙ ያጠጡት፣ ቺሌትድ አይረን የሚባለውን የብረት ማዳበሪያም መስጠት ይቻላል።

ማዳበሪያውን ለስድስት ሳምንት ያህል ያቁሙት። በየሳምንቱ መስጠትዎ አበባ አላመጣም፤ ምናልባትም የከለከለው እሱ ነው። ማዳበሪያው ማሸጊያ ላይ ሦስት ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያው ናይትሮጅን፣ ሁለተኛው ፎስፈረስ፣ ሦስተኛው ፖታሽየም ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ከፍ ያለ ከሆነ ቅጠል እየመገቡ ነው። አፈሩ ላይ ወይም ፖቱ ጠርዝ ላይ ነጭ ቅርፊት ካዩ ደግሞ ጨው ተጠራቅሟል። የፖቱን ሁለት እጥፍ የሚሆን ውሃ ቀስ እያደረጉ አሳልፈው ይጠቡት፤ ሥሩ ጤነኛ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ እንጂ አሁኑኑ አይደለም። አዲስ ቀንበጥ ማውጣት ሲጀምር ሦስተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው የማያንስበትን ማዳበሪያ በታዘዘው ግማሽ መጠን፣ በየሁለት ሳምንቱ ይስጡት። ብርዱ ሲመጣና እድገቱ ሲቆም እርስዎም ያቁሙ።

መቀሱ ላይ ሰው ይፈራል። አይፍሩ። ሳምባክ የሚያብበው በአዲስ ቀንበጥ ጫፍ ላይ ነው። ጫፍ በበዛ ቁጥር አበባ ይበዛል። አንድን ረጅም ሐረግ ሲቆርጡ ከቁርጡ በታች ካለችው አንጓ በግራና በቀኝ ሁለት ቀንበጥ ይወጣል፤ አንድ ጫፍ የነበረው ሁለት ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ተክሉ ብርሃኑን ለምዶ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ፣ የተንጠራሩትን ሐረጎች አንድ ሦስተኛቸውን ይቁረጡ። የሚቆርጡት ከአንጓው በላይ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ትተው ነው። የቀጨጨና ወደ ውስጥ የሚያድግ ቅርንጫፍ ካለ ከመነሻው ይነሳ። ሥሩን በቆረጡበት ሰሞን ግን ጫፉን ብዙ አይቁረጡበት፤ የሞተውን ብቻ አንስተው ትንሽ ያገግም። የቆረጡትንም አይጣሉ። ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር የሚሆነውን፣ በጣም ለጋ ያልሆነውን መርጠው፣ የታች ቅጠሎቹን አንስተው እርጥብ አሸዋማ አፈር ውስጥ ይሰኩት። ግልጽ ላስቲክ አልብሰው ሞቅ ያለ ጥላ ቦታ ቢያኖሩት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ሥር ያበቅላል።

ተባይን በአጭሩ። ቅጠሉ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ፣ ከሥሩም ስስ ድር ካዩ ቀይ ሸረሪት የምትባለዋ ደቃቅ ተባይ ናት፤ ደረቅ አየር ትወዳለች። ነጭ ወረቀት ከታች ይዘው ቅጠሉን መታ ያድርጉት። ወረቀቱ ላይ የወደቁት ነጠብጣቦች ከተራመዱ ተገኘች። ጥጥ የመሰለ ነገር አንጓዎቹ ላይ ከተለጠፈ ሚሊባግ ነው፤ 70 በመቶ አልኮል በነካ የጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ አንድ በአንድ ይጥረጉት። ለሸረሪቷም ለክሽክሽም (የቅጠል ጭማቂ ለሚመጠው ደቃቅ ተባይ) ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው የቅጠሉን ሆድ ማታ ማታ ይርጩ። በየስድስት ቀኑ ሦስት ጊዜ ይድገሙት፤ አንዴ ብቻ ከረጩ እንቁላሉ ይፈለፈልና ዞሮ ይመጣል።

እምቡጡን እንዴት እንደሚያውቁትም ልንገርዎ። በአዲሱ ቀንበጥ ጫፍ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቅጠሎች መሀል፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ነገር ትታያለች። ብዙ ጊዜ ሦስት ሆነው ይመጣሉ። መሀለኛዋ ቀድማ ትነጣለች። ሙሉ በሙሉ ነጥታ ወፈር ባለችበት ቀን ምሽቱን ቤት ይቆዩ። ሳምባክ የሚፈካው ማታ ነው። ሽታውም የሚበረታው ያኔ ነው፤ የሚጠራው ንብን ሳይሆን የሌሊት የእሳት እራትን ነው። በቻይና የጃስሚን ሻይ የሚሠሩት ሰዎች ይህን ጠባዩን ይጠቀሙበታል። እምቡጡን ቀን ለቅመው ማታ ሲፈካ ከሻይ ቅጠሉ ጋር ያሳድሩታል፤ ሻዩ ሽታውን ይጠጣል። የፊሊፒንስ ብሔራዊ አበባም፣ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ፣ ይኸው ሳምባክ ነው። አበባው ግን ዕድሜው አጭር ነው። በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ወደ ሐምራዊ አድልቶ ይረግፋል። ያኔ «ምን አጠፋሁ» ብለው እንዳይጽፉልኝ፤ ጠባዩ ነው።

እምቡጥ ሳይፈካ ከረገፈ ግን ሦስት ነገሮችን ይጠርጥሩ። አንድ ቀን አፈሩ ጨርሶ ደርቆበት ይሆናል፤ የማሞቂያ ወይም የማቀዝቀዣ ደረቅ አየር በቀጥታ እየነፈሰበት ይሆናል፤ ወይም ቦታ ቀይረውበታል። ለዚህም ነው ፖቱን በየሳምንቱ ሩብ ዙር እያዞሩ ሁሉንም ጎን ፀሐይ ማስመታት ጥሩ የሚሆነው፣ እምቡጥ እስኪይዝ ድረስ ብቻ። የመጀመሪያዋን የስንዴ ፍሬ ባዩ ቀን ማዞሩን ያቁሙ። ወደ መስኮቱ የዞረውን ጎን በጠመኔ ምልክት ያድርጉበት፤ ለጽዳት ሲያነሱት በዚያው ልክ ይመልሱታል።